የመጀመሪያ ወሊድ ዕድሜ፦ የጊደር እድገት፣ የላም ወላድነትና የወተት ምርት

ጊደር ከተወለደችበት ቀን አንስቶ የመጀመሪያ ጥጃዋን እስከምትወልድበት ቀን ድረስ ያለው ጊዜ በከብት እርባታ ጥናት የመጀመሪያ ወሊድ ዕድሜ ይባላል፤ ብዙውን ጊዜም የሚሰላው በወር ነው። ላይ ላዩን ሲታይ አንድን ቀን ከሌላ ቀን ቀንሶ የሚገኝ ተራ ቁጥር ቢመስልም፣ በውስጡ ግን ጥጃዋ የጠጣችው ወተት፣ በጋውን ያሳለፈችበት መኖ፣ የደረሰባት በሽታ፣ የወላጆቿ ዝርያ፣ የባለቤቷ ንቃትና የአዳቃዩ ባለሙያ በሰዓቱ መድረስ ወይም መዘግየት ሁሉ ተጠራቅመው ይገኛሉ። ለወተት ብቻ በሚረቡት የሆልስታይን ፍሪዥያን መንጋዎች ዘንድ በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ የሚያዘው ግብ ከ22 እስከ 25 ወር ነው። በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች በአርሶ አደር እጅ ያለች የአገር ዝርያ ጊደር ግን በአብዛኛው የምትወልደው በአራት ዓመቷ አካባቢ ሲሆን፣ አምስት ዓመት የሚሞላትም አትታጣም፤ ከውጭ ዝርያ ጋር የተዳቀሉት ደግሞ በመካከሉ፣ በተለምዶ በሦስት ዓመት ግድም ይወልዳሉ። ይህ ልዩነት ከየት እንደሚመጣ፣ በላሚቱ ወላድነትና በወተቷ ላይም ምን እንደሚያስከትል መመርመር የዚህ ምዕራፍ ጉዳይ ነው።

ዕድሜን የሚወስነው ክብደት

ጊደር ለእርባታ ደረሰች የሚባለው እንቁላል ማምረቻዋ የመጀመሪያውን እንቁላል ሲለቅና ድራት ሲታይባት ነው። ድራት ላም ወይም ጊደር ኮርማ የምትፈልግበት አጭር ጊዜ ሲሆን፣ ካልተጠቃች፣ ማለትም ካልተዳቀለች፣ ወይም ከተጠቃች በኋላ ካላረገዘች በየ21 ቀኑ ገደማ ተመልሶ ይመጣል። በጥጃነት ዘመን የእንስሳዋ አንጎል ከእንቁላል ማምረቻዋ ለሚመነጨው ኢስትሮጅን ለተባለው ሆርሞን እጅግ ስሱ በመሆኑ፣ ጥቂቱ ኢስትሮጅን እንኳ የመራቢያ አካላትን የሚቀሰቅሱት ሌሎች ሆርሞኖች እንዳይለቀቁ ለማገድ ይበቃል። ሰውነቷ ሲዳብርና ስብ ማጠራቀም ስትጀምር ግን ይህ ስሱነት እየቀነሰ ይሄዳል፤ ከስብ ሕዋሳት የሚመነጨው ሌፕቲን የተባለ ሆርሞንም ሰውነቷ ለእርግዝና የሚሆን ስንቅ እንዳለው ለአንጎል ያሳውቃል። በዚህ ምክንያት እኩል ዕድሜ ካላቸው ሁለት እህትማማች ጊደሮች መካከል በደንብ የተመገበችው ከሌላዋ ከአንድ ዓመት በላይ ቀድማ ኮርማ ልትፈልግ ትችላለች።

ለማስላት የሚረዳው ደንብ እንዲህ ነው። ጊደር የመጀመሪያውን ድራት የምታሳየው በዝርያዋ አንዲት ሙሉ ላም ከምትመዝነው ክብደት ከ40 እስከ 50 በመቶ ያህሉ ላይ ስትደርስ ነው፤ መጠቃት ያለባት ከ55 እስከ 60 በመቶ ሲሞላ ሲሆን፣ ስትወልድ ደግሞ፣ ጥጃውና የእንግዴ ልጁ ከወጡ በኋላ፣ 85 በመቶ ገደማ ላይ ብትገኝ ይመረጣል። ሙሉ ሰውነት ስትይዝ 450 ኪሎ ግራም ልትመዝን የምትችል ድቅል ጊደር በምሳሌነት ብትወሰድ፣ ለመጠቃት የሚያስፈልጋት ክብደት 270 ኪሎ ግራም ነው። ይህች ጥጃ 28 ኪሎ ግራም ሆና ብትወለድና በቀን በአማካይ 440 ግራም ብትጨምር በ18 ወሯ ለመጠቃት ትደርሳለች፤ እርግዝናው ወደ 280 ቀን ስለሚወስድም በ27 ወሯ አካባቢ ትወልዳለች። ዕለታዊ ጭማሪዋ ወደ 250 ግራም ቢወርድ የመጠቂያዋ ጊዜ ወደ 32 ወር፣ የመውለጃዋም ወደ 41 ወር ይገፋል። 200 ግራም ብቻ ከሆነ ደግሞ ከ49 ወር በፊት ጥጃ አይጠበቅባትም። በአንድ ብርጭቆ ውሃ ክብደት የሚያህል የዕለት ልዩነት ወደ ሁለት ዓመት መዘግየት ይለወጣል ማለት ነው።

የአገሬው ደጋማ ዝርያ በሰውነቱ አነስተኛ በመሆኑ የሚፈለገው ክብደትም ያንኑ ያህል ዝቅተኛ ነው፤ ሙሉ ላሟ 250 ኪሎ ግራም ከሆነች ጊደሯ በ150 ኪሎ ግራም ልትጠቃ ትችላለች። ሆኖም 20 ኪሎ ግራም ሆና የተወለደች ጥጃ በቀን 120 ግራም ብቻ እየጨመረች ከሄደች ይህን ክብደት ለመያዝ ሦስት ዓመት ይፈጅባታል፤ ዘጠኙ የእርግዝና ወራት ሲታከሉበት ደግሞ የአራት ዓመቱ ነገር ምስጢር መሆኑ ይቀራል። ብዙ ጊዜ የአገር ዝርያ በተፈጥሮው ዘግይቶ ይደርሳል እየተባለ ሲነገር የሚሰማውም ከዚህ አንጻር ሲመዘን ግማሽ እውነት ነው። ዘቡ የተባሉት ሻኛ ያላቸው ከብቶች ሻኛ ከሌላቸው የአውሮፓ ዝርያዎች ዘግይተው የሚደርሱ መሆናቸው በጥናት የታወቀ ቢሆንም፣ በምርምር ጣቢያ በቂ መኖ ያገኙ የቦረና ጊደሮች በግጦሽ ብቻ ካደጉት ቀድመው መውለዳቸው፣ ለዝርያ ከሚሰጠው ጥፋት የሚበዛው የመኖ መሆኑን ያመለክታል።

ዝርያን መለወጥም የራሱን ድርሻ ያበረክታል። በ1960ዎቹ በአርሲ፣ አሰላን ማዕከል አድርጎ በስዊድን መንግሥት ድጋፍ የተቋቋመው የጭላሎ የግብርና ልማት ድርጅት የአርሲን ከብት ከፍሪዥያን ጋር እያዳቀለ የከበዱ ጊደሮችን ለአርሶ አደሮች ያከፋፍል ነበር፤ በዚያ የተገኙት ድቅሎችም፣ በኋላ በሆለታ ምርምር ማዕከል በቦረናና በፍሪዥያን ድቅሎች ላይ እንደታየው ሁሉ፣ ከአገሬዎቹ ቀድመው ወልደዋል፤ የበለጠ ወተትም ሰጥተዋል። ነገር ግን በአንድ ዝርያ ውስጥ በምርጫ ብቻ የመጀመሪያ ወሊድ ዕድሜን ለማሳጠር መሞከር ውጤቱ አዝጋሚ ነው፤ ባሕርዩ ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፍበት መጠን፣ ማለትም ውርስነቱ፣ በአብዛኞቹ ጥናቶች ዝቅተኛ ሆኖ ተገኝቷልና። ደሟ ሰባ አምስት በመቶ የውጭ የሆነ ጊደር በገለባ ብቻ ካደገች፣ ትልቅ ሰውነት ለመገንባት የሚያስፈልጋትን ስለማታገኝ፣ ከአገሬዋ ጊደር ዘግይታ ብትወልድ ሊያስገርም አይገባም።

ጊዜው የሚባክንባቸው ወራት

መዘግየቱ በአብዛኛው የሚጀምረው ባለቤቱ ስለ ጊደሯ ማሰብ ከመጀመሩ እጅግ ቀደም ብሎ፣ በጥጃነት ወራት ነው። የላም የእንግዴ ልጅ በሽታ ተከላካይ ንጥረ ነገሮችን ከእናት ወደ ፅንስ ስለማያስተላልፍ ጥጃ ስትወለድ መከላከያ የላትም፤ ይህን የምታገኘው ከእንገር፣ ማለትም እናቷ እንደወለደች ከምትሰጠው የመጀመሪያ ወተት፣ ብቻ ሲሆን፣ አንጀቷ እነዚህን ንጥረ ነገሮች እንዳሉ የመቀበል ችሎታው በአንድ ቀን ውስጥ ይዘጋል። እንገር ዘግይቶ ወይም አንሶ የደረሳት ጥጃ ከሞት ብትተርፍ እንኳ በተቅማጥና በሳንባ ምች እየተመታች እድገቷ ይገታል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ የወተቱ ክፍፍል ነው። በአዲስ አበባና በቢሾፍቱ ዙሪያ ባሉ የወተት እርባታዎች የአንድ ሊትር ወተት ዋጋ በጨመረ ቁጥር ከጥጃዋ የሚቀነሰው ድርሻ ይጨምራል፤ ቁጠባውም የዕለቱን ገቢ ሲያሳድግ ከሁለት ዓመት በኋላ የሚታለበውን ወተት ያዘገያል። ጥጃዋ ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ ጥቂት የተፈጨ እህልና ጥሩ ድርቆሽ ብትለማመድ ሩመን የተባለው ትልቁ የጨጓራዋ ክፍል ቶሎ ስለሚዳብር፣ ጡት በምትጥልበት ጊዜ የሚደርስባት መጎሳቆል ይቀንሳል።

ሁለተኛው ማነቆ በጋ ነው። በክረምቱና በመኸሩ ወራት ሥጋ የያዘች ጊደር ከጥር በኋላ ሣሩ ሲደርቅ የያዘችውን መልሳ ታጣለች። በዚህ ወቅት ዋናው መኖ የሆነው የጤፍ ጭድ ወይም የስንዴ ገለባ በውስጡ ያለው ፕሮቲን ከ4 እስከ 5 በመቶ ግድም ነው፤ በሩመን ውስጥ መኖውን የሚያብላሉት ጥቃቅን ተሕዋስያን በአግባቡ እንዲሠሩ ግን ቢያንስ 7 በመቶ ያህል ያስፈልጋቸዋል። ይህ ባለመሟላቱ ጊደሯ ሆዷ እየሞላ ሰውነቷ ይከሳል። ዝናብ ሲመለስ ከወትሮው ፈጥና በማደግ የጠፋውን በከፊል ታካክሳለች፤ ይሁን እንጂ ተመላሹ እድገት ሙሉ ስለማይሆን እያንዳንዱ ክፉ በጋ ወራትን ይበላል። ለአንዲት ጊደር በቀን ከአንድ ኪሎ ግራም የማይበልጥ የኑግ ፋጉሎ፣ ወይም ከጓሮ የታጨደ አልፋልፋና ሰስባንያ ከጭዱ ጋር መስጠት የፕሮቲኑን ጉድለት ይሞላል። በእነዚህ ሦስትና አራት ወራት የሚወጣው ወጪ፣ በጊደር አያያዝ ላይ ከሚወጣው ሁሉ በላጭ ትርፍ የሚያስገኝ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ክብደቱ ከሞላ በኋላም ጊደሯ ሳትጠቃ ወራት ሊያልፉ ይችላሉ። በአውሮፓ ዝርያዎች ድራት ከ12 እስከ 18 ሰዓት ሲቆይ በዘቡ ከዚያ ያጥራል፤ ብዙውን ጊዜም በሌሊት ስለሚሆን ማንም ሳያየው ያልፋል። በጠባብ ግቢ ታስራ የምትውል ጊደር በሌላ ላም ላይ ለመውጣትም ሆነ ሌላዋ ስትወጣባት ቆማ ለመታየት ዕድል የላትም፤ እነዚህ ደግሞ ዋነኞቹ የድራት ምልክቶች ናቸው። ጠዋት ምልክት ያሳየች ጊደር ማታ፣ ማታ ያሳየችው በማግስቱ ጠዋት እንድትዳቀል የሚመክረው የተለመደ ደንብ በተግባር የሚውለው የሰው ሰራሽ ማዳቀል ቴክኒሺያኑ በተጠራበት ቀን ከደረሰ ነው፤ ቅዳሜና እሑድን ወይም በዓልን ጠብቆ የመጣ ድራት ሌላ 21 ቀን ያስከፍላል። በሆርሞን መርፌ ብዙ ላሞች በአንድ ጊዜ ድራት እንዲያሳዩ ማድረግ ይህን ችግር ያቃልላል፤ ክብደቷ ላልሞላ ጊደር ግን መርፌው ምንም አይፈይድም።

መፍጠን የሚጎዳበት ሁኔታ

እስካሁን የተባለው ጊደር በቶሎ በወለደች ቁጥር ይሻላል የሚል ትርጉም እንዲሰጠው አይገባም። ክብደቷ ሳይሞላ በጋራ ግጦሽ ላይ ያለ ኮርማ ያገኛት፣ ወይም በትልቅ ሰውነቱ ከሚታወቅ ዝርያ በተወሰደ አባለዘር የተዳቀለች ጊደር፣ የዳሌዋ መውጫ ጠባብ ስለሚሆን ምጡ ይጠናባታል፤ ጥጃው ሊሞት፣ የእንግዴ ልጁ ሊቀር፣ ማህፀኗም ሊመረቅዝ ይችላል። እንዲህ ያለ ወሊድ ያሳለፈች እንስሳ ቀጣዩን እርግዝና ለመያዝ ረጅም ጊዜ ይወስድባታል፤ አንዳንዷም መሲና ሆና ትቀራለች። በደንብ የተመገቡ ድቅል ጊደሮች አንድ ዓመት ሳይሞላቸው ድራት ሊያሳዩ ስለሚችሉ፣ ከስድስት ወራቸው ጀምሮ ከኮርማና ከወይፈን መለየት ይገባቸዋል።

ሌላው የመፍጠን ጣጣ በግት እድገት ላይ ይታያል። ከሦስት ወር እስከ ዘጠኝ ወር ገደማ ባለው ጊዜ ወተት አመንጪው የግት ሥጋ ከቀሪው ሰውነት በላቀ ፍጥነት ያድጋል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ የወጡ ጥናቶች፣ በእነዚህ ወራት ከመጠን በላይ ኃይል ሰጪ መኖ የተሰጣቸው ጊደሮች ግታቸው በወተት አመንጪ ሥጋ ፋንታ በስብ እንደሚሞላ አሳይተው ነበር። በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ግን የሥጋው ማነስ በከፊል የመጣው፣ በፍጥነት ያደገችው ጊደር ለድራት ቀድማ በመድረሷና የግቷ የፈጣን እድገት ጊዜ በማጠሩ መሆኑን አመልክተዋል። ክርክሩ በቀን ከ800 ግራም በላይ ለሚጨምሩ የሆልስታይን ጊደሮች ትልቅ ትርጉም አለው፤ በቀን 200 ግራም ለመጨመር ለምትታገል ጊደር ባለቤት ግን ከሩቅ የሚሰማ ወሬ ነው።

በጣም የዘገየችውም ጊደር ከአደጋ ነፃ አይደለችም። በዘመናዊ እርባታ ውስጥ ሳትከብድ ለረጅም ጊዜ ጥሩ መኖ የበላች ጊደር ትወፍራለች፤ የወፈረች ጊደር ደግሞ ምጧ ከመክበዱም በላይ፣ ከወለደች በኋላ የመብላት ፍላጎቷ ይቀንስና ያጠራቀመችው ስብ በአንድ ጊዜ እየቀለጠ ጉበቷን ይጎዳል።

ከመጀመሪያው ጥጃ በኋላ ያለው ወላድነት

በላም ዕድሜ ውስጥ እርግዝና ለመያዝ አስቸጋሪው ጊዜ በመጀመሪያውና በሁለተኛው ወሊድ መካከል ያለው ነው። የመጀመሪያ ጥጃዋን የወለደች ላም ራሷ ገና አድጋ ያልጨረሰች ስትሆን፣ የምትበላውን ለሰውነቷ ማቆያ፣ ለእድገቷና ለወተቷ ታከፋፍላለች፤ ሲያንስ ቀድሞ የሚቀርባት ወላድነት ነው። የኃይል ጉድለት ሲደርስባት አንጎሏ እንቁላሉን አብስሎ ለማስለቀቅ የሚያስፈልጉትን ሆርሞኖች በተደጋጋሚ መልቀቅ ያቆማል፤ ጥጃው ቀኑን ሙሉ የሚጠባት ከሆነ ደግሞ መጥባቱ ራሱ ተጨማሪ እገዳ ይሆናል። ላም በየዓመቱ ትወልድ ዘንድ ከወለደች በ85 ቀን ውስጥ መልሳ መክበድ አለባት፤ ነገር ግን በኢትዮጵያ ብዙ ጥገቶች ድራት እንኳ የሚያሳዩት ከዚህ ዘግይተው ስለሆነ በሁለት ወሊዶች መካከል ያለው ጊዜ አንድ ዓመት ተኩልና ከዚያም በላይ ይሆናል። በ27 ወሯ ብትወልድም የደረሰችበት ክብደት 85 በመቶውን የሞላ ላም፣ በ40 ወሯ ክብደት አጥታ ከምትወልደው ይልቅ ፈጥና ትከብዳለች።

በዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል። ቀድመው የወለዱ ላሞች ብዙ ጥጃና ብዙ ወተት ሰጡ የሚሉ የመዝገብ ጥናቶች ሲነበቡ፣ መንሥኤና ውጤት በቀላሉ ሊምታቱ ይችላሉ። በተፈጥሮዋ ወላድ የሆነች ጊደር በመጀመሪያው ጥቂያ ስለምትከብድ ቀድማ ትወልዳለች፤ ያው ወላድነቷ በኋለኛው ዘመኗም ይቀጥላል። ጥጆቹን በደንብ የሚመግብ ባለቤትም ላሞቹን በደንብ ይመግባል። ዕድሜው በራሱ ያመጣውን ጥቅም መልካም አያያዝ ካመጣው መለየት ስለማይቻል፣ የወሊድ ዕድሜን ለብቻው ለማሳጠር የሚደረግ ሩጫ፣ ያለ መኖ፣ በጥናቱ የታየውን ትርፍ አያስገኝም።

ወተቱ እንዴት ይቆጠራል?

በመጀመሪያው የአለባ ዘመን ላም ሙሉ ሰውነት ስትይዝ ከምትሰጠው ወተት ከ70 እስከ 80 በመቶ ያህሉን ትሰጣለች። ዘግይታ የምትወልድ ጊደር በዚህ የመጀመሪያ ዘመን ከቀደመችው ጥቂት ሊትሮች ልትበልጥ ትችላለች፤ ሰውነቷ ይበልጥ ዳብሮ ስለሚጠብቃት፣ የምትበላውም ለእድገት የሚሄደው ክፍል አነስተኛ ስለሚሆን ነው። ብዙ አርቢ በዓይኑ የሚያየው ይህን ስለሆነ መዘግየት ጥቅም ያለው ይመስለዋል። ሒሳቡ የሚገለበጠው የላሚቱ ዘመን በሙሉ ሲቆጠር ነው።

ሁለት ላሞች በዘጠኝ ዓመታቸው ከመንጋው ይወጣሉ እንበል፤ አንደኛዋ በ30 ወሯ፣ ሌላዋ በ48 ወሯ የወለዱ ናቸው። ለመጀመሪያዋ 78፣ ለሁለተኛዋ 60 የምርት ወራት ቀርተዋቸዋል። ሁለቱም በየ20 ወሩ ቢወልዱ ቀዳሚዋ ወደ አራት የሚጠጋ፣ ተከታይዋ ሦስት ሙሉ የወሊድና የአለባ ዙር ያጠናቅቃሉ። በየ15 ወሩ ከሆነ ቁጥሩ አምስትና አራት ይሆናል። በ18 ወር መቅደም አንድ ዙር ያስገኛል፤ በወሊዶች መካከል ያለውን ጊዜ በአምስት ወር ማሳጠርም እንዲሁ አንድ ዙር ያስገኛል። አንዱ ዙር በ305 ቀን፣ በቀን በ8 ሊትር ከተሰላ 2,440 ሊትር ወተትና አንድ ጥጃ ማለት ነው። ስለ መጀመሪያ ወሊድ ዕድሜ ሲነገር በወሊዶች መካከል ስላለው ጊዜ ዝም ማለት የማይገባው ለዚህ ነው።

ከወተቱ ይልቅ ብዙ ጊዜ የሚረሳው የተተኪዎች ቁጥር ነው። 20 ላሞች ያሉት አርቢ በየዓመቱ ከመካከላቸው አራቱን የሚያስወግድ ከሆነ በየዓመቱ አራት አዳዲስ ወላዶች ያስፈልጉታል። ጊደሮቹ በሁለት ዓመት የሚወልዱ ከሆነ በማንኛውም ጊዜ በግቢው ስምንት ሴት ጥጆችና ጊደሮች ይኖሩታል፤ በአራት ዓመት ከሆነ ግን ሞት ሳይታሰብ 16 ይሆናሉ። ስምንቱ ትርፍ አፎች የሚበሉት ድርቆሽና ፋጉሎ የተነጠቀው ከሚታለቡት ላሞች ነው። በጠባብ ግቢ መኖ በውድ እየገዛ ለሚያረባ የከተማ ወተት አምራች ይህ ከማንኛውም የዝርያ ማሻሻያ የበለጠ ክብደት ያለው ጉዳይ ነው።

በእርሻ ላይ ለተመሠረተው የደጋ ቤተሰብ ግን ላም የምትፈለገው ለወተቷ ብቻ አይደለም። የሚያርሰው በሬ የሚመጣው ከእርሷ ነው፤ ለማገዶና ለማዳበሪያ የሚሆነው ፍግም የእርሷ ነው፤ ክፉ ቀን ሲመጣ የምትሸጠውም እርሷ ናት። እንዲህ ባለ ቤት ጊደርን ለማፋጠን ፋጉሎ መግዛት አትራፊ ላይሆን ስለሚችል፣ የአርሶ አደሩን መዘግየት ከስንፍና የሚቆጥር የባለሙያ ምክር ተቀባይነት ቢያጣ ፍርዱ ትክክል ነው።

ለገበያ ወተት በሚያመርቱት ዘንድ ግን ግቡ 22 ወር ይሁን 24 ወር የሚለው ክርክር ቦታ የለውም፤ ለድቅል ጊደር ከ27 እስከ 30 ወር ሊደረስበት የሚችል ግብ ነው፤ ወደዚያ የሚያደርሱትም ሁለት ርካሽ ዕቃዎች፣ ደብተርና የደረት ዙሪያ መለኪያ ሜትር ናቸው። በሜትሩ ከፊት እግሮች ኋላ ደረቷን በየወሩ መለካት ክብደቷን በግምት ያሳውቃል፤ ጭማሪው ሲቀንስ መኖውን ለማስተካከል ጊዜ ይሰጣል። በብዙ ግቢዎች የጊደር ዕድሜ የሚታወቀው በባለቤቱ ትዝታ ብቻ ስለሆነ፣ ወተት አምራቾች ከእንግዲህ የሚወለዱትን ሴት ጥጆች የትውልድ ቀን፣ ወርሃዊ ልክና የተጠቁበትን ዕለት ይጻፉ፤ የወረዳ የእንስሳት እርባታ ባለሙያዎችም ስንት ላም ተዳቀለ ከሚለው ዓመታዊ ዘገባቸው ጎን ስንት ጊደር በስንት ወሯ ወለደች የሚለውን ይጠይቁ።